የአሚር ኑር መቃብር በሐረር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ስለምኖር እንግዳ በመጣ ቁጥር ሐረር ይዤ እወጣለሁ፤ አሮጌዋ ከተማ ጁገል ውስጥ አረንጓዴው ቁቢ፣ ማለትም የመቃብር ቤታቸው፣ ፊት ስንቆም ሁሌም የምጠየቀው ይህንን ነው።

አሚር ኑር ማን ናቸው?

ሙሉ ስማቸው ኑር ኢብን ሙጃሂድ ይባላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሐረርን የመሩ አሚር ናቸው። የኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም፣ በእኛ አነጋገር የግራኝ አህመድ፣ የእህት ልጅ ናቸው። ኢማሙ እ.ኤ.አ. በ1543 ወይና ደጋ በተባለው ቦታ በጦርነት ከወደቁ በኋላ ሐረር ተዳክማ ነበር። ኑር ሥልጣን የያዙት እ.ኤ.አ. በ1550ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ያገኟት ከተማ ጦሯ የተመናመነ፣ ሰዋ ያዘነና ቀጥሎ ማን እንደሚመጣባት የምትሰጋ ከተማ ነበረች።

የሐረር ሰው ግን ዛሬ ስማቸውን ሲያነሳ መጀመሪያ የሚያወራው ጦርነቱን አይደለም። ግንቡን ነው። ጁገልን ያጠሩ አሚር ብሎ ነው የሚያውቃቸው።

መቃብሩ የት ነው? ከድሬዳዋ እንዴት ይኬዳል?

ጁገል ውስጥ ነው፣ ማለትም በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ከተማ ውስጥ። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ሚኒባስ ይዛችሁ የደንገጎን ጠመዝማዛ ትወጣላችሁ፣ ሐረማያን ታልፋላችሁ፣ አወዳይ ላይ የጫት ገበያው ግርግር ትንሽ ያቆማችኋል፣ ከዚያ ሐረር ናችሁ። ጃኬት ያዙ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ ናት፣ የድሬን ሙቀት ለምዶ ለሄደ ሰው ማታ ማታ ትቀዘቅዛለች።

ሐረር በር ገብታችሁ ቀጥ ስትሉ ፈረስ መጋላ ትደርሳላችሁ። ከዚያ በኋላ ካርታ አያዋጣችሁም፣ ሰው ጠይቁ። ጁገል በሙሉ 48 ሄክታር ብቻ ስለሆነ በእግር የማይደረስበት ቦታ የለም፤ መንገዱ ግን ጠባብ ነው፣ ይጠማዘዛል፣ አንዳንዱ ግድግዳ ላይ ሄዶ ያልቃል። አሚር ኑር የት ናቸው ስትሉ ሕፃን ልጅም ቢሆን ያሳያችኋል።

ምን ይመስላል?

ብዙ ሰው የንብ ቀፎ ይመስላል ይላል፣ እውነቱን ነው። ከታች ክብ ሆኖ ይነሳል፣ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄድና ጫፉ ይሾላል። ዙሪያውን አካሉ ላይ ድንጋዮች ብቅ ብቅ ብለው ስለወጡ ከሩቅ ሲያዩት እሾህ ያለው ነገር ይመስላል። አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል።

የወጡት ድንጋዮች ጌጥ ናቸው ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ውበት አላቸው፣ ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታቸው ጥላቸው ሲወርድ ማየት ደስ ይላል። እኔ ግን ሳያቸው መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ኖራ የሚቀባው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ክብና ሾጣጣ ነገር ላይ መሰላል አይቆምም። ድንጋዩ ላይ ግን እግር ይቆማል።

ቁቢ ማለት ምንድነው? አዋች ሲባልስ?

ቁቢ በሐረሪ ቋንቋ ጉልላት ያለው የመቃብር ቤት ነው። ከአረብኛው ቁባ ጋር አንድ ቃል ነው። አዋች ደግሞ አባቶች ማለት ነው፣ የተከበሩ ሰዎች ያረፉባቸውን ቦታዎችም ሰዉ በዚሁ ስም ይጠራቸዋል። አው የሚለው ከወንድ ቅዱሳን ስም ፊት ይገባል፣ ለሴት አይ ይባላል፤ አው ሐኪም፣ አይ አቢዳ እንደሚባለው።

ዩኔስኮ ጁገልን እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 አዋች እንዳሏት ጽፏል። አስቡት፣ ያቺን በምታህል ከተማ! የሰፈር ስም፣ የዛፍ ስም፣ የተራራ ስም ሳይቀር ከአዋች ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ የአሚር ኑር ቁቢ ብቻውን የቆመ ሐውልት አይደለም፣ ሰፊ ቤተሰብ አለው።

ከምን ነው የተሠራው? ጉልላቱስ እንዴት ሳይወድቅ ቆመ?

የሐረር አሮጌ ግንባታ የሚሠራው ከአካባቢው ድንጋይ ነው፣ ሰዉ ሐሺ ይለዋል። ድንጋዩ በጭቃ ይያያዛል፣ ላዩ ይለሰናል፣ በኖራ ይቀባል። የጁገል ግንብም፣ የሐረሪ ባህላዊ ቤቶችም፣ አዋቾቹም በዚሁ እጅ የተሠሩ ናቸው።

ልዩነቱ ጣሪያው ላይ ነው፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። የሐረሪ ቤት አራት ማዕዘን ነው፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ ሆኖ በእንጨት ተሸካሚዎች ላይ ያርፋል። እንጨት ደግሞ ምስጥ ይበላዋል፣ ውሃ ያበሰብሰዋል፣ በየዘመኑ መቀየር አለበት። ቁቢ ግን እንጨት አይፈልግም። ድንጋዩ በክብ በክብ ይደረደራል፤ እያንዳንዱ ዙር ከታችኛው ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ይላል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ላይ ላይ ሲደርስ ይገጥማል። ክብ ስለሆነ አንዱ ድንጋይ ሌላውን ይጫነዋል፣ ወደ ውስጥ ልውደቅ ቢል ጎረቤቱ ይይዘዋል። ከታች ግድግዳው የሚወፍረውም ከላይ የሚመጣውን ክብደት እንዲችል ነው።

አራት ማዕዘን በሆነች ከተማ ውስጥ ክብ የሆነ ነገር ሲቆም ሳይነገራችሁም ዓይናችሁ ይለየዋል። ይሄ ቤት የሚኖርበት ሰው የለም፣ ይሄ የሌላ ነገር ነው ትላላችሁ። ለእኔ የቁቢ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው።

ለምን አረንጓዴ ሆነ?

አረንጓዴ በእስልምና የጀነት ቀለም ተደርጎ ይታያል፤ በዓለም ዙሪያ የተከበሩ ሰዎች መቃብር ላይ ታገኙታላችሁ። በሐረር አንዳንዱ አዋች ነጭ ነው፣ አንዳንዱ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ሁለቱንም የቀላቀለ። ቀለሙ በየጊዜው ይታደሳል። የዛሬ አሥር ዓመት ያነሳችሁት ፎቶ ላይ ያለው አረንጓዴና አሁን የምታዩት ላይመሳሰል ይችላል፣ አትደንግጡ።

አንድ ከተማ ሙሉ ያጠረ አሚር መቃብሩ ለምን ይህን ያህል አነሰ?

ይህንን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው፣ ሥላሴ ካቴድራልን አይተዋል፣ የበዓታን አይተዋል። የነገሥታት መቃብር ሲባል እብነ በረድ፣ ትልቅ ጉልላት፣ ሰፊ ደረጃ ይጠብቃሉ። እዚህ ግን ሦስት አራት ሰው ሲቆም የሚሞላ ቦታ ያገኛሉ። አንዷ እንግዳዬ በቃ ይሄ ነው እንዴ ብላ ፊቷን አጨፍግጋ አይታኛለች።

አንደኛው ምክንያት ሃይማኖቱ ነው። በእስልምና ሟች ንጉሥም ይሁን ተሸካሚ በከፈን ተጠቅልሎ፣ በቀኝ ጎኑ ሆኖ፣ ፊቱ ወደ ቂብላ፣ ማለትም ወደ መካ፣ ዞሮ አፈር ይገባል። ከሐረር መካ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ናት፤ ስለዚህ መቃብሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የአንድ ሰው ቁመት ብቻ ነው። ብዙ ዑለማዎች መቃብር ላይ መገንባቱን ራሱ አይወዱትም፣ ይህ ክርክር ዛሬም አለ።

ሁለተኛው ምክንያት ሐረር አሚር ኑርን የምታከብረው እንደ ገዢ ብቻ ሳይሆን እንደ አባት መሆኑ ነው። ቁቢያቸው የቤተ መንግሥት ሰው መቃብር አይመስልም፤ በየሰፈሩ ካሉት የሼኮችና የደጋግ ሰዎች ቁቢ ጋር ነው የሚመሳሰለው። ሥልጣናቸው መቃብሩ ላይ አይታይም። የት ይታያል ካላችሁ ዞር በሉና ግንቡን እዩት። ወደ ሦስት ተኩል ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ቁመቱ አራት ሜትር አካባቢ ነው፣ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ለዚያች እንግዳዬም እንደዚያው ነው ያልኳት፣ እስከ ኤረር በር ወስጄ ግንቡን ስር ስሩን አስሄድኳት። ስንመለስ ቁቢው ፊት ዝም ብላ ረጅም ሰዓት ቆመች።

ውስጥ መግባት ይቻላል? ሙስሊም ያልሆነ ሰውስ? ሴቶችስ?

እያንዳንዱ አዋች ጠባቂ አለው፣ ሙሪድ ይባላል። ፈቃዱ የእሱ ነው። ካለ ሰላም ብላችሁ ጠይቁት፣ ከሌለ ጎረቤት ይጠራላችኋል። ግቡ ከተባላችሁ ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶች ፀጉር ይሸፍናሉ፣ ወንዱም ቁምጣ ለብሶ አይመጣም። የቁቢ በር ዝቅ ያለ ነው፣ ጎንበስ ብላችሁ ነው የምትገቡት። ሙሪዱ ዛሬ አይሆንም ካለ አይሆንም፣ አትከራከሩ፣ ከውጭ አይታችሁ ሂዱ።

ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊትም ጠይቁ። ይህንን የምለው ራሴ ስላጠፋሁ ነው። በወጣትነቴ ዱዓ ላይ ያሉ እናቶችን ሳላስፈቅድ ከጀርባ አነሳሁ፣ አንድ ሽማግሌ ጠሩኝና በእርጋታ መከሩኝ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስትወጡ የምትችሉትን ለሙሪዱ ስጡ። የመግቢያ ዋጋ ብላችሁ አታስቡት፣ ቦታው የሚጠረገውም ዕጣኑ የሚጨሰውም በዚያው ነው።

ሰዎች ምን ለማድረግ ይመጣሉ?

ለዚያራ፣ ማለትም የተከበሩ ሰዎች ያረፉበትን ቦታ ለመጎብኘት። የታመመ ሰው ያለው፣ ልጅ የፈለገች፣ መንገድ የሚሄድ፣ ስለቱ የደረሰለት ይመጣል። ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ጫት ይቀርባል፣ ዱዓ ይደረጋል። በትልልቆቹ አዋቾች ደግሞ ከበሮና የእንጨት ማጨብጨቢያ ይዘው ዚክሪ፣ ማለትም የውዳሴ ዜማ፣ ይላሉ። ሐሙስ ማታ ሼክ አባድር ጋ ብትሄዱ ድምፁን ከመንገድ ትሰሙታላችሁ።

ከሮመዳን በኋላ የሸዋልን ስድስት ቀን ጾም ጨርሰው የሚያከብሩት ሹዋሊድም ከአዋች ጋር የተያያዘ ነው፣ አው ሹሉም አህመድና አው አክበራ ጋ ይከበራል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 መዝግቦታል። በዚያን ሰሞን መምጣት ከቻላችሁ አቦ እንዳያመልጣችሁ።

ሼክ አባድርና አሚር ኑር አንድ ናቸው?

አይደሉም፣ በጣም ይምታታል። ሼክ አባድር ዑመር አር-ሪዳ በትውፊቱ መሠረት በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአረብ አገር ከሌሎች ደጋግ ሰዎች ጋር መጥተው ሐረርን ያቋቋሙ አባት ናቸው። ሐረር ራሷ የአባድር ከተማ ትባላለች። አሚር ኑር የመጡት ከእሳቸው ከ300 ዓመት በላይ ቆይተው ነው። መቃብራቸውም የተለያየ ነው፣ ሁለቱም ግን ጁገል ውስጥ ናቸው። በአንድ ቀን ሁለቱንም ማየት ይቻላል።

የአሚር ኑር ባለቤት ድል ወንበራ ማን ነበሩ?

ስለ እሳቸው የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው፣ እኔ ግን ባይጠየቅም እነግራለሁ። ባቲ ድል ወንበራ የዘይላው ገዥ የማህፉዝ ልጅ ናቸው። መጀመሪያ የኢማም አህመድ ባለቤት ነበሩ፣ በዘመቻውም አብረው ሄደዋል። ልጃቸው መሐመድ በክርስቲያኑ ወገን ተማርኮ ነበር፤ የአፄ ገላውዴዎስ ወንድም ሚናስ ደግሞ በእነሱ እጅ ነበር። ሁለቱ ተለዋወጡ። ሚናስ ኋላ ራሱ ነግሷል። ከዚህ ልውውጥ ጀርባ ሁለት እናቶች እንዳሉ አስቡ፣ በሁለቱም ወገን ልጄን መልሱልኝ ያሉ።

ባላቸው ከሞቱ በኋላ ድል ወንበራ ሐረር ተመልሰው ኑርን አገቡ። የቀድሞ ባላቸውን ደም እንዲመልሱ ቃል አስገብተው ነው ያገቡት ይባላል። የአንድ ትልቅ ቤት ታሪክ፣ አባት ማህፉዝ፣ ባል ኢማሙ፣ ሁለተኛ ባል ኑር፣ በእኚህ ሴት በኩል ነው የሚያያዘው። ቁቢው ፊት ቆመን የአሚሩን ስም ብቻ ጠርተን ስንሄድ እኔ ቅር ይለኛል።

ግንቡን ሙሉ በሙሉ የሠሩት አሚር ኑር ናቸው?

የሐረር ሰው አዎ ይላችኋል። ዩኔስኮ ደግሞ ግንቡ ከ13ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደተሠራ ይጽፋል። ሁለቱን ማጣላት አያስፈልግም። ከተማ በአንድ ቀን አትታጠርም፣ ስሙ የሚቀረው ግን ዙሪያውን ገጥሞ ለዘጋው ሰው ነው።

በሮቹን ስትቆጥሩ ስድስት ብታገኙ አትገረሙ። የድሮዎቹ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ናቸው። ለመኪና የሚሆነው ሐረር በር የተከፈተው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አምስቱ በሮች የአምስቱ የእስልምና ማዕዘናት ምሳሌ ናቸው የሚሉም አሉ።

አፄ ገላውዴዎስን የገደሉት እሳቸው ናቸው? ታዲያ ክርስቲያን ሆነህ ለምን ታከብራለህ?

አዎ፣ አፄ ገላውዴዎስ የወደቁት ከአሚር ኑር ጦር ጋር ሲዋጉ ነው፣ በመጋቢት 1551 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1559)። ጭንቅላታቸውም ወደ ሐረር መወሰዱ ተጽፏል። ይህንን አልሸሽግም፣ ከእንግዶቼም አልሸሽግም። ከዚያ በፊት ኢማሙ ወደቁ፣ ከዚያ በፊት ማህፉዝ ወደቁ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ የሌላው ወገን ሰዎች ወድቀዋል። ድሉም ለሐረር ዕረፍት አላመጣም፤ ጦሯ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሽንፈት ደረሰበት፣ ረሃብ ገባ፣ ቀጥሎ ወረርሽኝ መጣ። አሚር ኑርም እ.ኤ.አ. በ1567 ወይም በ1568 የሞቱት በዚሁ በሽታ ነው።

ስለዚህ እዚያ ስቆም አሸናፊ ሰው ፊት የቆምኩ አይመስለኝም። ረሃብና በሽታ የገባባትን ከተማ ሳይለቁ፣ በራሳቸው ግንብ ውስጥ ከሕዝባቸው ጋር የሞቱ ሰው ናቸው። እኔ ጫማዬን የማወልቀው ለዚህ ነው። ለአፄ ገላውዴዎስም አዝናለሁ። ሁለቱም የአገሬ ሰዎች ናቸው።

ራስ መኮንን የተቀበሩትም እዚያው ነው?

አይደለም። ራስ መኮንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ አርፈው የተቀበሩት ሐረር ቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። ሐረር የሁለት ዓይነት መሳፍንት መቃብር ስላላት ነው ጥያቄው የሚመጣው። ጊዜ ካላችሁ ሁለቱንም አይታችሁ አወዳድሩ።

ይህ ሕንፃ በእውነት ከ450 ዓመት በፊት የተሠራው ነው?

እንደ ሐረር ያለ የድንጋይና የጭቃ ግንባታ ውስጥ አጥንትና ቆዳ ይለያያል። አጥንቱ ድንጋዩ ነው። ቆዳው ልስኑና ቀለሙ ነው፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ ሰው ይመልሰዋል፣ ደግሞ ያጥበዋል። እንዲህ ያለ ቤት ለአንድ ሁለት ክረምት እጅ ካልነካው ውሃ ወደ ጭቃው ይገባና ድንጋዩ መላቀቅ ይጀምራል። ስለዚህ ቁቢው ዛሬም የቆመው በየትውልዱ ሰው እየለሰነው ነው። ቱሪስት አዲስ ቀለም ሲያይ አሮጌ አይደለም ብሎ ያዝናል፤ ቀለሙ ባይታደስ ኖሮ ግን የሚያየውም ባልነበረ።

ታዲያ አንዴ በሲሚንቶ ለስኖ ለምን አይገላገሉትም?

ይህንን የሚጠይቀኝ ሁሌም የግንባታ ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው፣ በቅንነትም ነው። ጠንካራ ነገር ስለሆነ ያስተማምናል። አሮጌ ግድግዳ ላይ ግን ሲሚንቶ ጉዳት ነው። ድንጋይና ጭቃ ይተነፍሳል። ዝናብ ሲመታው እርጥበት ይገባል፣ ፀሐይ ሲወጣ በኖራው በኩል ተመልሶ ይወጣል። ሲሚንቶ ስትለስኑበት መውጫውን ትደፍኑታላችሁ። ውሃ በስንጥቅ ይገባል እንጂ አይወጣም፣ ጭቃው ውስጥ ለውስጥ ይላላል፣ ከውጭ ግን ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል። አንድ ቀን ልስኑ ድንጋዩን ይዞ በቁራጭ ይወድቃል። ጁገል ውስጥ እንዲህ የሆኑ አሮጌ ግድግዳዎች አይቻለሁ፣ ያማል።

ኖራ ደካማ ነው፣ በየጊዜው ይታጠባል፣ እንደገና ይቀባል። ግን ከድንጋዩ በፊት ራሱ ያልቃል፣ ድንጋዩን አይገድልም። መርዳት የምትፈልጉ ካላችሁ ሲሚንቶ አታምጡ። ሙሪዱን ዘንድሮ ለኖራው ምን ጎደለ ብላችሁ ጠይቁት።